ገጣሚው ምን ይበላ ነበር? (የሥነ ጽሑፍ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ)

ያለፉትን ዓመታት ዘገባዎቼን መለስ ብዬ ሳያቸው ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ክበቡ ይህን ያህል ግጥም አቀረበ፣ ይህን ያህል ጭውውት አሳየ፣ የበጀት እጥረት ገጠመው። የበጀት እጥረቱ ዘንድሮም አለ። ግጥምም ቀርቧል። ዓመቱን ሙሉ ሲያከራክረን የከረመው ግን ሌላ ነገር ነው፤ መነሻውም የበሰበሰ ፖም ነው።

ጥቅምት ላይ 41 ተማሪ ተመዘገበ። በሁለተኛው ስብሰባ የመጡት 9 ነበሩ፤ የቀሩት የት እንዳሉ ለማወቅ በመስኮት ወደ ኳስ ሜዳው ማየት ይበቃል። እኔም እንደ ልማዴ ስለ ቤት መምቻና ቤት መድፊያ ማስረዳት ስጀምር አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እነዚህ ሰዎች ግን ምን ይበሉ ነበር?» ሌሎቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ለእሷ ገጣሚ ማለት መማሪያ መጽሐፉ ላይ ያለ ስምና ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው፦ አንዱ የተወለደበት፣ አንዱ የሞተበት። በመሃል ምሳ የበላ አይመስላትም።

የማደርገው ሲጠፋኝ ስለ ጀርመናዊው ገጣሚ ፍሪድሪክ ሺለር ነገርኳቸው። ሺለር በጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ የበሰበሰ ፖም ያስቀምጥ ነበር፤ ሽታው ካልደረሰው መጻፍ አይሆንለትም። ጉዳዩን ያወጣው ወዳጁ ገጣሚው ጎተ ነው። ሊጠይቀው ሄዶ ባያገኘው ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ሲጠብቅ ሽታው ራሱን አዞረው፤ መሳቢያውን ከፍቶ ቢያይ ፖም ነው። ሆን ተብሎ የተቀመጠ መሆኑን የነገረችው የሺለር ሚስት ናት።

በሚቀጥለው ሳምንት 9ኙ 16 ሆነው መጡ። እስከ ዓመቱ መጨረሻም 16 እንደሆንን ዘለቅን።

ማክሰኞና ሐሙስ ከሰንደቅ ዓላማ በኋላ ለሚኒ ሚዲያ ከሚሰጠው ጊዜ ላይ 5 ደቂቃ ተሰጠን። ልጆቹ ዝግጅቱን «ከግጥሙ ጓሮ» አሉት። እንግሊዛዊው ገጣሚ ሎርድ ባይረን ካምብሪጅ ሲማር ኮሌጁ ውሻ ማስገባት ስለከለከለው ድብ ገዝቶ ማምጣቱን የሰማ ጊዜ ሰልፉ በሙሉ ሳቀ፤ ደንቡ ስለ ድብ ምንም አይልም ነበርና ማን ይናገረዋል። ከኋላ አንዱ «አቦ፣ ድብ ምን አላት፣ እኛ በየማታው ጅብ እናበላ የለ!» ብሎ ጮኸ። የሐረር ልጅ በአውሬ አይደነቅም። የቺሊው ገጣሚ ፓብሎ ኔሩዳ በአረንጓዴ ቀለም ይጽፍ እንደነበር ከተነገረ በኋላ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ የቤት ሥራ በአረንጓዴ እስክሪብቶ ሲመጣልኝ ከረመ። ስሙን መቀየሩንም ወደዱለት። ትክክለኛ ስሙ ኔፍታሊ ሬዬስ ነው፤ አባቱ ግጥም መጻፉን ስላልወደዱለት ገና በጉርምስናው የብዕር ስም አወጣ። ከዚያ በኋላ በግጥም ሣጥናችን የብዕር ስም በዛ፤ የእጅ ጽሑፉ ግን አያስዋሽም።

ችግሩ ወዲያው መጣ። ልጆቹ ከስልክ ላይ የሚያመጡት ወሬ ጎርፍ ሆነ። አንዱ ገጣሚ 40 ቀን አልተኛም፣ ሌላው የሚጽፈው ዛፍ ላይ ወጥቶ ነው፣ ሌላው ወርቅ ይበላል። ወሬው ሁሉ ባለቤት የለውም። ስለዚህ አንድ ትልቅ መዝገብ ገዛን (85 ብር፣ ከኪሴ)፣ ሁለት ዓምድ አሰመርን፤ በአንዱ «ወሬው»፣ በሌላው «ማን አየ? ማን ጻፈ?»። ሁለተኛው ዓምድ ካልሞላ በቀይ ይሰረዛል። የሺለር ፖም ያለፈው ጎተ ራሱ ለረዳቱ ለኤከርማን ስለነገረውና ኤከርማን ስለጻፈው ነው። የባይረን ድብ ያለፈው ባይረን ራሱ በደብዳቤው ስለጠቀሰው ነው። ዓመቱ ሲያልቅ 63 ወሬ ተመዝግቦ 38ቱ ቀይ ሆኗል።

ሰማያዊ እስክሪብቶ ያስፈለገን በሩሲያዊው ገጣሚ በፑሽኪን ጊዜ ነው። ስለ ሰውዬው የቀረበው ጥሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1822 ኪሺኔቭ ከተማ ከአንድ መኮንን ጋር ሽጉጥ ሊተኳኮስ ሲወጣ ቼሪ ይዞ ሄደ፤ ሰውየው ሲያነጣጥርበት እሱ ቼሪውን እየበላ ፍሬውን ይተፋል። መኮንኑ ሳተው። ፑሽኪን ሳይተኩስ ሄደ። ከ15 ዓመት በኋላ ግን የተኮሰበት ሌላ ሰው አልሳተውም፤ ሆዱን ተመትቶ በሁለተኛው ቀን፣ በ37 ዓመቱ ሞተ። ነገሩ የተካረረው ቅድመ አያቱ ጋ ስንደርስ ነው። አብራም ጋኒባል ከአፍሪካ ልጅ ሆኖ ተወስዶ በሩሲያው ንጉሥ በታላቁ ጴጥሮስ ቤት አድጎ ጄኔራል የሆነ ሰው ነው፤ ይህ አያከራክርም። የት ተወለደ? እሱ የጻፈው «ላጎን» የሚል የቦታ ስም ነው። አንዱ ወገን ከመረብ ማዶ ነው ይላል፣ ሌላው ከቻድ ሐይቅ ደቡብ። ግማሹ ክበብ «የኛ ነው!» ብሎ ተነሣ፤ ለፑሽኪን አዲስ አበባ ሐውልት ቆሞለት የለም እንዴ ተባለ። ሐውልት ማስረጃ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ 1 ሰዓት ከሩብ ተከራከርን፤ የጥበቃው ጋሼ መጥተው በሩን ሊዘጉ ነው አሉን። በሰማያዊ «ክርክር አለበት» ተብሎ ተጻፈ። በግሌ የዓመቱ ምርጥ ስብሰባ ይኸ ነበር።

አሜሪካዊቷን ገጣሚ ኤሚሊ ዲክንሰንን ያቀረቡት ሁለት ሴት ልጆች ናቸው። 1,800 ገደማ ግጥም ጽፋ በሕይወቷ ሳለች የታተመላት ከ12 አይበልጥም። እ.ኤ.አ. በ1856 በከተማዋ አምኸርስት በተካሄደ የእርሻ ትርኢት በጋገረችው ዳቦ ሁለተኛ ወጥታለች («አንደኛ የወጣችው ማን ናት?» አለ አንዱ፤ መዝገቡ ላይ እስካሁን ክፍት ነው)። ለሰፈር ልጆች የዝንጅብል ኬክ በቅርጫት አድርጋ በመስኮት በገመድ ታወርድላቸው ነበር። በፖስታ ጀርባና በከረሜላ መጠቅለያ ላይ ትጽፍ ነበር፤ ስትሞት ግጥሞቿን ሣጥን ውስጥ ያገኘችው እህቷ ናት። ይህ በቀረበ በሦስተኛው ቀን፣ እናቷ መኪና ግርግር በሚባለው ሰፈር ሱቅ ያላቸው አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ በደረሰኝ ጀርባ የተጻፉ 11 ግጥሞች በላስቲክ አስራ ሰጠችኝ። ሁለት ዓመት አስተምሬያታለሁ፤ ትጽፋለች ብዬ ጠርጥሬ አላውቅም። ሦስቱ በዚህ መጽሔት ገጽ 31 ላይ አሉ።

የካቲት ላይ ጀጎል ገባን። ፈረንሳዊውን ገጣሚ አርተር ራምቦን ከሐረር ልጅ መደበቅ አይቻልም፤ ሙዚየሙ አለ፣ መንገድ መሪዎቹ አሉ፣ ፈረንጆቹ ይመጣሉ። ትንንሾቹ ግን አሁንም ከመትረየስ ተኳሹ የፊልም ራምቦ ጋር ያቀላቅሉታል። በፈረስ መጋላ አደባባይ ወርደን፣ ሳምቡሳ በልተን፣ ባለቀለም መስኮቱ ቤት ስንደርስ ለዓመታት እንደማደርገው «ራምቦ የኖረበት ቤት ይኸ ነው» አልኩ። የክበባችን ጸሐፊ መዝገቡን ከፍቶ «ማን አየ?» አለኝ። ነገሩን ስናጣራ፣ ይህን ቤት ያሠራው ከራምቦ በኋላ የመጣ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው፤ ራምቦ የኖረው በከተማው ሌሎች ቤቶች ነው። የእኔም ንግግር በቀይ ተሰረዘ፤ ከጎኑ «ቲቸር» ተብሎ ተጽፏል።

የተረጋገጠው ይበልጥ ይገርማል። ሰውየው ሐረር ሲገባ፣ እ.ኤ.አ. በ1880 ማብቂያ ላይ፣ 26 ዓመቱ ነው፤ ግጥም ግን 20ዎቹን ሲጀምር ትቶታል። እዚህ ቡናና ቆዳ መዛኝ ነበር። ከፈረንሳይ ካሜራ አስመጥቶ በ1883 የራሱን ፎቶ አንሥቶ ለእናቱ ላከ፤ አንዱ ሙዝ ተክል መሃል እጁን አጣምሮ የቆመበት ነው። ለምኒልክ ወደ 2,000 ጠብመንጃ ይዞ ወደ ሸዋ ሲሄድ ንጉሡ ሐረርን ይዘው ነበር፤ ክፍያውም ሐረር ላይ ከራስ መኮንን እንዲቀበል በወረቀት ተጻፈለት። የሟች ሸሪኩ አበዳሪዎች ተረባርበውበት ከትርፍ ይልቅ ሮሮ ይዞ ወጣ። በ1887 ከካይሮ በጻፈው ደብዳቤ 16,000 ፍራንክ የሚያወጣ ወርቅ በመቀነቱ ይዞ እንደሚዞር፣ ክብደቱ 8 ኪሎ ያህል እንደሆነና ተቅማጥ እንዳስያዘው ያማርራል። ልጆቹ ማመን አቃታቸው። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ 8 ኪሎ ዱቄት በነጠላ ጠቅልለን በተራ በወገባችን አሰርን። ክበቡ ውስጥ ጉልበተኛ የሚባለው ልጅ የሜዳውን አጥር ሁለት ጊዜ ዞሮ ተቀመጠ። ነጠላውን ያመጣችው ልጅ እናት ስለ ዱቄቱ የተናገሩትን እዚህ አልጽፈውም።

በ1891 ጉልበቱን ታመመ። ቃሬዛውን ራሱ ነድፎ አሠራና በአፕሪል 7 ከሐረር ተነሥቶ በ16 ሰው ሸክም ወደ ዘይላ ወደብ ወረደ፤ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ። ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ። ኖቬምበር 10 ሞተ፤ እሱም በ37 ዓመቱ። ከመሞቱ አንድ ቀን በፊት በእህቱ እጅ ያጻፈው የመጨረሻ ጽሑፉ ግጥም አይደለም፤ ለመርከብ ድርጅት ኃላፊ የተላከ ደብዳቤ ነው። የሚጀምረው በዝሆን ጥርስ ቆጠራ ነው፦ አንድ ጥርስ፣ ሁለት ጥርስ፣ ሦስት ጥርስ። የሚጨርሰው በስንት ሰዓት ተሸክመው መርከብ ላይ እንደሚያወጡት በመጠየቅ ነው። ይህ ሐሙስ ጠዋት ሲነበብ ሰልፉ ላይ የሳቀ አልነበረም።

ከሙዚየሙ ስንወጣ የ9ኛ ክፍሏ ልጅ፣ የምሳዋ ጠያቂ፣ «ለሱ ሙዚየም አለው፤ የኛ የሐረር ገጣሚስ የለም?» አለች። አለ። ሰዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1924 ዓ.ም. እዚሁ ሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ ነበሩ። ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ ሥዕሉን «የፈረንጅ ነው» ያሉት ብዙ ናቸው። በመጨረሻ ከአገር ወጥቶ አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ በ49 ዓመቱ ሞተ። ስለ አገሩ የጻፈውን ግጥም ስንቱ በቃሉ ሲል፣ ግጥሞቹ በመጽሐፍ ተሰብስበው የወጡት ግን ከሞተ ከ25 ዓመት በኋላ በ1998 ዓ.ም. ነው። መንግሥቱ ለማም ልጅነቱን ያሳለፈው ሐረር ነው፤ እሱም የአለቃ ልጅ። ሦስት ልጆች ሁለት ቅዳሜ ሙሉ የገብረ ክርስቶስን የትውልድ ቤት ሲጠይቁ ዋሉ። ሦስቱም መንገድ ላይ ያገኟቸው ሰዎች ወደ ራምቦ ቤት ጠቆሟቸው። በዚህ ገና አልበረደልኝም።

የወላጆች ቀን ላይ የቃሬዛውን ጉዞ በጭውውት አሳየን። ተሸካሚዎቹ 16፣ እኛም 16፤ ስለዚህ ራምቦ የሚሆን ጠፋ። ቀጭኑ እኔ ስለሆንኩ ተኛሁ። ድምፅ ማጉያው በመሃል ሞተ፤ ያለ ድምፅ አንድ ዙር ተሸክመውኝ ዞሩ፣ በሁለተኛው ዙር አንድ እግሩ ተሰበረ (የቃሬዛው)። ወላጆች አጨበጨቡ፤ የቲያትሩ ክፍል መስሏቸው ነበር።

ሰኔ ላይ መዝገቡን ለመዝጋት ስንሰበሰብ ጸሐፊው የመጨረሻውን ገጽ አሳየኝ። በ«ወሬው» ዓምድ ከ1 እስከ 16 ቁጥር ተጽፏል፤ ከላይ «የተሸካሚዎቹ ስም» ይላል። ከቁጥሮቹ ጎን ባዶ ነው። መዝገቡ ቤተ መጻሕፍቱ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ፤ አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ ወደ ዘይላ ሸክም ወርደው እንደነበር በቤቱ ሲወራ የሰማ ተማሪ ካለ፣ ክረምቱንም ቢሆን ማክሰኞ ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እዚያ እገኛለሁ።