የሃዋይ በረዶ፦ ከቅዳሜው ውይይት በፊት

ውድ የንባብ ክበባችን አባላት፣

የቅዳሜው ርዕሳችን በረዶ መሆኑን ሰምተው የሳቁ አሉ። እኔ ግን ከሃዋይ የስኳር ታሪክ ይልቅ የበረዶው ይበልጥ ያስገርመኛል።

በረዶን ለሃዋይ ሰዎች ያስተዋወቁት ነጮች አይደሉም። 4,207 ሜትር ከፍታ ያለው የማውና ኬአ ተራራ በክረምት በረዶ ይለብሳል፤ የአገሬው ሕዝብም የበረዶዋን አምላክ ፖሊአሁን ከጥንት ጀምሮ ያውቃታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በመርከብ ሆኖሉሉ የገባው ሌላ ነው፤ የሚሸጥ በረዶ። የቀዘቀዘ መጠጥ የሥልጣኔ ምልክት ሆነ፤ ሙቀት ደግሞ የስንፍና ሰበብ። እንዲህ ያለው ንቀት ለቅኝ ገዢ ምንኛ ይመቻል!

እ.ኤ.አ. በ1893 ንግሥት ሊሊዑኦካላኒ ከዙፋን ወረዱ፤ በ1898 አሜሪካ ደሴቶቹን ጠቀለለች። የሸንኮራ እርሻዎቹ የጎደሬውን ማሳ ውኃ ጠለፉት። አዎ፣ የደቡብ ሰዎቻችን የሚያውቁት ያው ጎደሬ ነው፤ የሃዋይ ሰዎች ቀቅለው ይወቅጡትና ፖይ የሚባል ምግብ ይሠሩበታል። ዛሬ አብዛኛው የደሴቶቹ ምግብ ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ ሥጋውና ወተቱም ያለ ማቀዝቀዣ አይደርስም።

ስለ ማውና ኬአ የቴሌስኮፕ ግንባታ ተቃውሞና እ.ኤ.አ. በ2019 ስለታሰሩት አዛውንቶች አጭር ገለጻ የሚያዘጋጅ ሰው እንፈልጋለን። ፈቃደኛ የሆናችሁ እስከ ሐሙስ አሳውቁን።