ለሽምግልና የተያዘ ጠረጴዛ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስለ ዝምታው ይቅርታ ልጠይቅህ አስቤ ነበር፤ ሆኖም አንተም በየበዓሉ ለሁሉም ሰው ከምትበትነው የአደይ አበባ ሥዕል በቀር ድምፅህን ስላላሰማኸኝ፣ ጥፋቱን እኩል ተካፍለን እንለፈው። አሁን የጻፍኩልህ ለጉዳይ ነው። ጉዳይ ሲገኝ ብቻ ታስታውሰኛለህ እንደምትል አውቃለሁ፤ በል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብበህ በል።

የክርስትና ልጅህ፣ ልጄ፣ ሚስት ሊያገባ ነው። ልጅቱ ጨዋ ናት፤ ወላጆቿም ጨዋዎች ናቸው፤ የሚኖሩት ግን በዋሽንግተን ዲሲ ሌላ ሰፈር የጠፋ ይመስል ጆርጅታውን ነው። ስትስቅ ይታየኛል። ከወንዙ ማዶ ሮዝሊን ከባቡር ወርደን፣ በዚያ በሚገርፍ የክረምት ነፋስ የኪ ድልድይን በእግራችን ተሻግረን፣ ለሥራ አንተ ወደ ምግብ ቤቱ እኔ ወደ ምድር ቤቱ የመኪና ማቆሚያ የምንለያይበት ሰፈር የአማቾቻችን ሰፈር ሊሆን ነው። የባቡር ጣቢያ ዛሬም የለውም። የቤት ባለቤት የፊት ለፊቱን መስኮት እንኳ ሳያስመረምርና ሳያስፈቅድ እንዳይለውጥ እ.ኤ.አ. በ1950 የወጣው ሕግ ስለሚያግደው፣ ቤቶቹም አንተ ትተሃቸው እንደሄድከው ናቸው።

ጭንቀቴ ሽምግልናው ነው። ባለቤቴ «ልጄ ያለ ሽማግሌ አያገባም» ብላ ስለቆረጠች፣ ልጁ ለልጅቱ አባት ነገሩን አስረዳው፤ «አባቴ ሦስት የተከበሩ ሰዎች ልኮ ልጅህን ይጠይቅሃል» አለው። ሰውየው ጠበቃ ነው። ጥቂት አሰበና «በጣም ደስ ይለኛል፤ የስንት ሰው ጠረጴዛ ላስይዝ?» ብሎ መለሰ። ያስያዘውም ማርቲንስ ታቨርን የሚባለውን ምግብ ቤት ነው፤ ያው በዊስኮንሲን አቬኑና በኤን ጎዳና ማዕዘን ላይ ያለው፣ ከ1933 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአንድ ቤተሰብ እጅ ያልወጣው ቤት። ጆን ኬኔዲ ዣክሊንን እ.ኤ.አ. በ1953 ለጋብቻ የጠየቃት እዚያ፣ ሦስተኛው መቀመጫ ላይ ነው ስለሚባል፣ ለጋብቻ ጥያቄ ከዚህ የሚሻል ቦታ የለም ብሎ ከልቡ የመረጠልን ነው። መልካምነቱን እንዴት ብዬ እምቢ ልበለው?

ነገር ግን አስበው። የእኛ ሽማግሌ የመጣበትን ጉዳይ ሳይናገር አይቀመጥም፤ መልስ ሳያገኝም እህል ውሃ አይቀምስም። እዚያ ደግሞ በሩ ላይ የምትቆመው ልጅ ሁሉም ሰው መምጣቱን አረጋግጣ፣ የምግብ ዝርዝሩን በክንዷ ይዛ «ተከተሉኝ» ትላለች፤ ገና ወንበር ሳይስቡ አስተናጋጁ ከተፍ ብሎ ምን እንደሚጠጡ ይጠይቃል። ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው በሁለት ጠረጴዛዎች መካከል ቆመው «ከመቀመጣችን በፊት አንድ ጉዳይ አለን» ሲሉ፣ ከጀርባቸው የክራብ ኬክ የተሸከመው ልጅ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ ማለፊያ ሲፈልግ ይታየኛል። ሳህን በክንድህ ደርድረህ ስትሸከም የኖርክ ሰው ስለሆንክ የሚመጣውን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ቀጠሮው በእነርሱ 6:30፣ በእኛ ምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው፤ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር የጻፍኩልህ ስለማውቅህ ነው።

ይህ እንኳ ይሳቅበታል። እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። በእኛ ወግ አባትየው ቤቱ ተቀምጦ ሽማግሌ መላኩ የልጅቱን ወላጆች ማክበር ነው፤ በእነርሱ ዘንድ ደግሞ አባትና እናት ቀርተው የማያውቋቸው ሦስት ሰዎች ለእራት ቢመጡ ንቀት ይሆናል። የልጅቱ እናት ለልጄ «አባትህ ከእኛ ጋር መብላት አይፈልግም?» ብላዋለች። ብሄድ ወጉን አፈረስኩ፤ ብቀር ሰዎቹን አስቀየምኩ።

ከዚህ በፊት አብረን አልበላንም እንዳትል፤ ኤም ጎዳና 28ኛውን በሚያቋርጥበት፣ አንተ ዜድስ ሆኖ የምታውቀው ቤት፣ ዛሬ ዳስ በሚባለው የሐበሻ ምግብ ቤት ጋብዘናቸው ነበር። ባለቤቴ ዶሮውን ጠቅልላ የልጅቱን እናት ልታጎርስ እጇን ስትዘረጋ፣ ሴትየዋ መጀመሪያ ባሏን አየችው፣ ከዚያ ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፈተች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለን ሁለተኛውንም አጎረስናት። ወዲያው እሷም በተራዋ እንጀራ ቆርሳ፣ መረቁ ከጣቶቿ በቀለበቷ ላይ እየወረደ፣ ባለቤቴን አጎረሰቻት። በዚያች ሰዓት ጉዳዩ አለቀ ብዬ ነበር። እኔም እጄን ልታጠብ ብዬ ተነሥቼ፣ በጥንቱ ዘዴያችን፣ ካርዴን ለአስተናጋጇ አስቀድሜ ሰጠኋት። ሰውየው ሂሳቡ ሲመጣ ሊያይ ሲጠባበቅ ቆይቶ መከፈሉ ሲነገረው ፊቱ ቀላ፤ አመሰገነ፤ ዝም አለ። በማግሥቱ ጠዋት 10 በመቶው ግብርና ቲፑ ሳይቀር ታስቦ፣ እስከ ሳንቲሟ ለሁለት የተከፈለ ገንዘብ በስልክ ገንዘብ መላኪያው በቬንሞ ለልጄ ደረሰው። ባለቤቴ «ያበላነውን መለሰልን?» ብላ ቡናዋን እንኳ ሳታፈላ ዋለች። ልጁ እንዳስረዳን ከሆነ ሰውየው እኩያዎቹ አድርጎ ስላየን ያደረገው ነው፤ ባዕድ ቢያደርገን ኖሮ ዝም ብሎ ይበላልን ነበር። እኔ ተቀብዬዋለሁ፤ ባለቤቴ ግን እስካሁን አልተቀበለችም።

አሁን የምነግርህን ለማንም አላልኩትም። የዚያን ዕለት ማታ መኪናዬን ሳወጣ፣ ተቆጣጣሪው ልጅ አማርኛ ስናወራ ሰምቶ «ጋሼ፣ ከእርስዎማ አልቀበልም» አለኝ። ከማቆሚያው ዋጋ የሚበልጥ ቲፕ በግድ እጁ ላይ አስጨብጬው ወጣሁ። የልጅቱ አባት አጠገቤ ቆሞ ሁሉንም ያይ ነበር፤ «ትተዋወቃላችሁ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ አዎን አልኩት። ልጁን አይቼው አላውቅም። ግን እኔም እንደዚያ ባለች የተቆጣጣሪ ጎጆ ውስጥ ጋዝ ምድጃ አቅፌ ማደሬን በዚያች ደቂቃ ለመናገር አፌ አልታዘዘልኝም። ሀፍረት አይደለም፤ ወይም… እንጃ፣ አንተ ስትመጣ እናወራዋለን።

ወደ መፍትሔው ልምጣ። የልጅቱ አያት በሕይወት አሉ፤ ፒ ጎዳና ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። በዚያው እራት ላይ እንዳጫወቱኝ፣ በእርሳቸው ዘመን በጆርጅታውን ትልቅ ነገር የሚያልቀው በቤት ግብዣ እንጂ በምግብ ቤት አልነበረም። የዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ባለቤት ካትሪን ግራሃም አር ጎዳና ላይ፣ የዴሞክራቶቹ ገንዘብ አሰባሳቢ ፓሜላ ሃሪማን ኤን ጎዳና ላይ፣ ሴናተሩንና ጋዜጠኛውን፣ ሹሙንና ተቃዋሚውን በአንድ ማዕድ ያስቀምጡ ነበር። ከእራት በኋላ ወንዶቹ ፖለቲካቸውን ሲቀጥሉ ሴቶቹ ተነሥተው ወደ ሌላ ክፍል ይሄዱ እንደነበርና ግራሃም አንድ ምሽት አልሄድም ብላ ልማዱን እንዳስቀረችው ሲነግሩን፣ ባለቤቴ ጎኔን በክርኗ ጎሰመችኝ። ለምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። አያትየዋ ያ ሁሉ ግብዣ ቀርቶ ሰው በምግብ ቤት ሁለት ሰዓት ተቀምጦ መበተኑን አይወዱትም፤ «ጠረጴዛዬ አቧራ ጠጣ» ይላሉ።

ስለዚህ ያሰብኩት ይህን ነው። ሽማግሌዎቹ በቅድሚያ ወደ አያትየዋ ሳሎን ይሂዱ፤ ቆመው ይናገሩ፤ ወላጆቹም እዚያው ተቀብለው መልስ ይስጡ፤ ከዚያ ሁሉም በእግራቸው ወደ ማርቲንስ ይምጡ፤ እኔና ባለቤቴ በሩ ላይ ጠብቀን አብረን እንግባ። ወጉም ጠረጴዛውም ይተርፋሉ። የቸገረኝ ሰውየው ምርጫዬን ናቁት ሳይል ይህንን የሚነግርልኝ ሰው ነው። እኔ ልንገረው ብል በእንግሊዝኛዬ ውል ማፍረስ ይመስልብኛል። አንተ ግን የዚያን ሰፈር ሰው ስታስተናግድ ኖረሃል፤ ድምፅ ዝቅ አድርጎ መናገሩን፣ መቼ ቀልድ እንደሚጣል፣ የቤት ዋጋና ደመወዝ እንደማይጠየቅ አሳምረህ ታውቃለህ። ለሽምግልናውም ቀዳሚው አንተ ነህ፤ የክርስትና አባቱ እያለህ ሌላ ሰው ላስቀድም?

አንድ ነገር ብቻ አደራ እልሃለሁ። እኛ ዘንድ ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺታ አያገኝም፤ «ከዘመድ እንምከርበት» ተብሎ ይመለሳል። እነዚህ ሰዎች ግን ገና ሳትጨርስ «እሺ» ብለው ሊያቅፉህ ይችላሉ። እንደዚያ ከሆነ ግራ ተጋብተህ «እንዲህ በችኮላ አይሆንም» እንዳትል፤ ታቀፍና ዝም በል። ሂሳቡን በተመለከተ ደግሞ የሴት ወገን ማብላቱ በእኛም ያለ ወግ ስለሆነ ሰውየው ይክፈል፤ አንተም እጅ መታጠቢያ የት ነው እያልክ እንዳትነሣ።

ቀኑ በመጪው ወር ሁለተኛው ቅዳሜ ነው። መጀመሪያ ዓርብ ብለው ነበር፤ በጾም ምክንያት አዛውረነዋል። ሐሙስ ብትገባ ሰውየውን አስቀድመህ ቡና ትጋብዘዋለህ። የአውሮፕላን ትኬትህን የምቆርጠው እኔ ነኝ፤ ግማሹን በቬንሞ ከላክልኝ ግን ሌላ ሽማግሌ እፈልጋለሁ።

ወንድምህ