የገንዘባችን ሶፍትዌር በሒሳብ ይረጋገጥ፦ ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለክቡር የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስትር፣

ጤና ይስጥልኝ። ኮድ በመጻፍ የምተዳደር ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ከሁለት ዓመት በላይ ሲከነክነኝ የቆየ ጉዳይ ነው።

መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች አካውንታቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣት ቻሉ። ወሬው ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ተዳረሰ፤ ኤቲኤም ፊት ሰልፍ ተያዘ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ተናገረ። ከዚያ በኋላ መነጋገሪያ የሆኑት ገንዘቡን የወሰዱት ተማሪዎች ነበሩ። ስለ ሶፍትዌሩ ግን ብዙም አልተነጋገርንም።

እስቲ አንድ ቀላል ምሳሌ ላንሳ። የባልና ሚስት የጋራ አካውንት ውስጥ 1,000 ብር አለ። ባል መርካቶ ሆኖ 1,000 ብር ሊያወጣ ይጠይቃል። ሚስትም በዚያችው ቅጽበት ቦሌ ሆና 1,000 ብር ልትልክ ትጠይቃለች። ሲስተሙ ገና ሳይቀንስ ለሁለቱም «1,000 ብር አለ» ይላል። ሁለቱም ያልፍላቸዋል። እንዲህ ያለው ባግ (የኮድ ስህተት) ሺህ ጊዜ ቢፈተሽ ላይታይ ይችላል፤ ሁለቱ ጥያቄዎች በሰከንድ ሽራፊ መገጣጠም አለባቸውና። ሚሊዮኖች በሚጠቀሙበት ሲስተም ላይ ግን አንድ ቀን መገጣጠሙ አይቀርም። እኔም የዚህ ዓይነቱን ስፈልግ ሳምንታት ፈጅቶብኛል። ቴስቶቹ ሁሉ አልፈው ነበር።

ሌላ መንገድ አለ፤ ፎርማል ቬሪፊኬሽን ይባላል። ፕሮግራሙ መጠበቅ ያለበት ሕግ መጀመሪያ በሒሳብ ቋንቋ ይጻፋል፤ ለምሳሌ «የሚወጣው ገንዘብ ካለው አይበልጥም» ተብሎ። ከዚያ ኮዱ ይህን ሕግ በምንም ሁኔታ እንደማይጥስ ልክ እንደ ጂኦሜትሪ ቴዎረም ይረጋገጣል። የማረጋገጫውን እያንዳንዱን እርምጃ ኮምፒውተር ያጣራዋል።

በዚህ ሙያ በጣም የማደንቀው የኮምፒውተር ሳይንቲስቱን ጌርዊን ክላይንንና ሲድኒ አብረውት የሠሩትን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 «ኤስኢኤል4» የተባለውን የኦፐሬቲንግ ሲስተም ከርነል፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚመራውን የሲስተሙን እምብርት፣ በሒሳብ አረጋገጡ። ኮዱ 8,700 መስመር ገደማ ነው፤ ማረጋገጫው 200,000 መስመር አካባቢ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። ከማረጋገጡ በፊት በፍተሻና በሙከራ የተገኙት ስህተቶች 16 ነበሩ። በማረጋገጡ ሂደት ሌሎች 144 ተገኙ። ያውም በጣም ጎበዝ ሰዎች በጻፉት ኮድ ውስጥ።

እዚህ ላይ እውነቱን ሁሉ መናገር አለብኝ። ሒሳቡ የሚያረጋግጠው እኛ የጻፍነውን ሕግ ብቻ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰዎች ያለቁበትን አውሮፕላን ያስታውሱታል። አፍንጫውን ወደ ታች የደፋው ሶፍትዌር፣ ኤምካስ፣ የታዘዘውን ነበር የፈጸመው። ጥፋቱ ያለው ትእዛዙ ላይ ነው፤ አንድ ሴንሰር ብቻ አምኖ እንዲሠራ ተደርጎ ነበር የታቀደው። ስለዚህ ሕጉ ጥርት ብሎ መጻፉና ከጻፈው ሰው ውጪ ሌላ ዓይን ማየቱ ከማረጋገጫው አያንስም።

የምጠይቅዎ ይህን ነው። የመንግሥት ተቋማት የሰው ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ሲስተም ሲገዙ ወይም ሲያሠሩ፣ ጨረታው ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመር። ገንዘቡን የሚያዛውረው ክፍል ዲዛይኑ በሒሳብ ይጻፍ፣ ይረጋገጥም። ኮዱን ሁሉ አላልኩም። ያንን ትንሽ ከርነል ማረጋገጥ እንኳ አንድ ሰው ብቻውን ቢሠራው 20 ዓመት ያህል የሚፈጅ ድካም ነበር። ዲዛይኑን ብቻ ማረጋገጥ ግን በጣም ይቀላል። የአማዞን ኢንጂነሮች «ቲኤልኤ ፕላስ» በሚባል ቋንቋ ይህንኑ አድርገዋል። ዳይናሞዲቢ በተባለው ዳታቤዛቸው ውስጥ 35 እርምጃዎች በቅደም ተከተል ሲገጣጠሙ ብቻ የሚወጣ ስህተት አግኝተውበታል። ቋንቋውን ከዜሮ የጀመሩ ኢንጂነሮች በሁለት ሦስት ሳምንት ጠቃሚ ውጤት ላይ ደርሰዋል። መሣሪያውም በነጻ ይገኛል።

በአንድ የክፍያ ሲስተም እንጀምር። ከዩኒቨርሲቲዎቻችን ጥቂት የማስተርስ ተማሪዎች ይመደቡበት፤ የመመረቂያ ሥራቸውም ይሁን። ቢሮዎ ከፈቀደ ያችን የባልና ሚስት ምሳሌ በቲኤልኤ ፕላስ ጽፌ፣ ስህተቱ እንዴት እንደሚወጣ ከባለሙያዎችዎ ጋር ቁጭ ብዬ ላሳይ ዝግጁ ነኝ። ግማሽ ቀን ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ