ለአሮጌ መኪና የብልሽት ዋስትና የሚሸጥልን ማን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በታኅሣሥ ወር አንድ ምሽት እናቴን ከሐኪም ቤት ወደ ቱሉ ዲምቱ ስመልስ፣ አቃቂን አልፈን ጥቂት እንደሄድን የመኪናዬ ችንጋ (የሞተሩ የጎማ ቀበቶ) ተበጠሰ። የሙቀት ጠቋሚው ወደ ቀዩ ሲወጣ አይቼ ከአስፋልቱ ዳር አቆምኩ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። በዚያ ቦታ የመንገድ መብራት የለም። ከባድ መኪኖች ባለፉ ቁጥር የእኛዋ ትንሽ መኪና ትንቀጠቀጣለች፤ እናቴ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ «ልጄ፣ ከመንገዱ ውጣልኝ» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ከኋላችን ድንጋይ መደርደርና የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ማጋደም ነበረብኝ። (ስንነሳ ድንጋዩን አንስቻለሁ። እባካችሁ እናንተም አንሱ፤ መንገድ ላይ የተተወ ድንጋይ ሌሊት ሰው ይገድላል።)

በስንት ስልክ የተገኘው የክሬን ባለቤት 8,000 ብር ጠየቀኝ። ለምኜው በ6,500 ተስማማን፤ እስኪደርስ ሁለት ሰዓት ጠበቅን። በማግሥቱ መካኒኩ አዲሱን ችንጋ ለማሰር ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም፤ የችንጋው ዋጋ የክሬኑን አንድ አሥረኛ እንኳ አልሞላም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። መሀል ከተማ መኪናው የቆመበት ሰው ሁለት ወጣቶች ጠርቶ፣ አስገፍቶ፣ ጥግ ላይ ካለው ጋራዥ ይደርሳል። ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ ወይም ቦሌ አራብሳ የሚኖር ሰው ግን ለትንሽ ብልሽት ትልቅ የመንገድ ዋጋ ይከፍላል። ኮንዶሚኒየም ደርሶን ወደ ዳር የወጣነው አብዛኞቻችን ደግሞ የምንነዳው አሮጌ መኪና ነው።

በዚያው ሳምንት ሦስት የመድን ድርጅት ቅርንጫፎችን ዞርኩ። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ስለሆነ በየዓመቱ እገዛለሁ፤ እርሱ ግን በእኔ መኪና የተጎዳ ሰውንና የተበላሸ የሌላ ሰው ንብረትን የሚመለከት ነው። ሙሉ ዋስትና የሚባለው ግጭትን፣ ስርቆትንና ቃጠሎን ይሸፍናል። መኪና ቢጎተትም የሚከፈለው አደጋ ሲደርስ ነው፤ መካኒካዊ ብልሽት በውሉ ውስጥ በግልጽ ከሽፋን ውጪ ተደርጓል። አንደኛው ቅርንጫፍ ውስጥ የነበረችው ሠራተኛ መኪናው የተሠራበትን ዓመት ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «በዚህ ዕድሜ ላለ መኪና ሙሉ ዋስትና አንሰጥም» አለችኝ፤ ትሕትና አልጎደላትም። «ለብልሽት ብቻ የሚሆን አነስ ያለ ነገርስ?» ብዬ ጠየቅኳት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከዚህ በፊት ቀርቦላት እንደማያውቅ ከፊቷ ያስታውቅ ነበር።

ለሙሉ ዋስትና የመኪናው ዕድሜ ለምን እንደሚታይ ይገባኛል። መኪናው ራሱ የሚያወጣው ትንሽ፣ መለዋወጫው ግን ውድ ሲሆን መድን ሰጪው ይከስራል። ለመጎተት ግን ዕድሜው ምን ያደርጋል? ክሬኑ የሚያነሳው ክብደት ነው፤ የሚቆጥረው ኪሎ ሜትር ነው። የሠላሳ ዓመቱን ኮሮላም የዘንድሮውንም ከአቃቂ ቱሉ ዲምቱ ለማድረስ የሚያቃጥለው ነዳጅ ያው ነው። አሮጌው ቶሎ ቶሎ ይቆማል ከተባለ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ተብሎ ገደብ ይደረግበት። የዓመቱን ምርመራ አልፎ ቦሎ የለጠፈ መኪና ብቻ ይግባ። የጥገናውን ወጪ የመድን ድርጅቶቹን ማንም አይጠይቃቸው፤ ክሬን ልከው በአቅራቢያ ካለ ጋራዥ ያድርሱን፣ ባትሪ ለሞተበት ባትሪ ያስነሱለት፣ ስኮርታ ጎማ መቀየር ላቃተው ይቀይሩለት። ይህንን ያህል ብቻ ነው የምንለምነው።

ለንደን የምትኖር የእኅቴ ልጅ አሮጌ መኪና አላት። እዚያም የመኪና ዕድሜ ጣሪያ የሚያስቀምጡ ሻጮች አሉ። እርሷ የገዛችው ግን በመኪናው ሳይሆን በሰው ስም የሚሸጠውን ነው፤ የየትኛውም መኪና መሪ ጨብጣ ብትቆም ይደርሱላታል። እዚያ አገር ትልቁ ስም ያለው የአሽከርካሪዎች ማኅበር በ1905 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት የአባላት ስብስብ ነበር። እኛስ እድር የምናውቅ ሰዎች አይደለንም? ዕቃና ድንኳን በጋራ ገዝተን፣ በወር በወር አዋጥተን፣ ኀዘን ሲመጣ ማን እንደሚሸከም የምናውቅ ሕዝብ ለአንድ ክሬን ማዋጣት አያቅተንም። የሚያቅተን ክሬኑን ማሠማራት፣ ሌሊት ስልክ ማንሳትና ውሉን ማስከበር ነው፤ ይህ ደግሞ የመድን ድርጅቶች ሙያ ነው። ለአርሶ አደሩ የዝናብ እጥረት መድን አስልተው መሸጥ ከጀመሩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ዝናብን ያሰላ ሰው የክሬን ምልልስ ማስላት አያቅተውም።

«አሮጌውን ሽጠህ አዲስ ግዛ» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። የኤሌክትሪኩን ለመግዛት የመምህር ደመወዜ አይፈቅድም። ስለዚህ ያለችኝን መኪና ይዤ እቆያለሁ፤ ጎረቤቶቼም እንዲሁ። እናቴም በየወሩ ሐኪም ቤት መመለስ አለባት።

በእኛ ግቢ 37 ባለመኪናዎች ስማችንን፣ የመኪናችንን ዓይነትና የተሠራበትን ዓመት በአንድ ደብተር ጽፈናል። በዓመት አንድ ጊዜ ከሦስተኛ ወገን መድን ጋር ለመክፈል ፈቃደኛ መሆናችንንም ፈርመናል። ደብተሩ በግቢያችን ጥበቃ ቤት ተቀምጧል። ይህንን የሚያነብ የመድን ድርጅት ኃላፊ ካለ ዋጋውን አስልቶ በዚሁ ዓምድ ይመልስልን፤ የማይቻል ከሆነም ለምን እንደማይቻል በቁጥር ያስረዳን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ መምህር፣ ከቱሉ ዲምቱ