ፕላኑ ሳይጸድቅ ጠይቁን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ከፒያሳ ወደ አዘዞ የወረደ ሰው ጎንደር ምን ያህል እየሰፋች እንደሆነ ያያል። ትናንት የታረሰው መሬት ላይ ዛሬ ችካል ተተክሏል። ልጆቻችን ቤት ስለሚያስፈልጋቸው በዕድገቱ አልከፋም። የሚከነክነኝ ነዋሪው የሚጠየቅበት ጊዜ ነው። አዳራሽ የምንጠራው ካርታው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው። ኃላፊው ያብራራል፣ እኛ እጅ አውጥተን እንናገራለን፣ ከዚያ እንበተናለን። የተናገርነው የት እንደገባ የሚነግረን የለም።

ስለዚህ ከተማ አስተዳደሩን በዕድገትና በመሬት ልማት ላይ የሚያማክር ቋሚ የነዋሪዎች ኮሚቴ ይቋቋም እላለሁ። የመወሰን ሥልጣኑ የምክር ቤቱ ነው፤ እሱ ይቆይ። ኮሚቴው ግን ረቂቁን ገና በእርሳስ እያለ ይየው። ምክሩን በጽሑፍ ይስጥ፤ አስተዳደሩም ካልተቀበለው ምክንያቱን በጽሑፍ ይመልስ። ቃለ ጉባኤው በየቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

ይህ ከሕግ ውጭ የሆነ ጥያቄ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000ም ፕላን ሲዘጋጅ ሕዝቡ እንዲሳተፍበት ያዛል።

ዋናው ነገር ማን ይቀመጥበታል የሚለው ነው። እድር የሚመሩ ሰዎች ይኑሩበት፤ ሰፈሩን ቤት ለቤት ያውቁታል። መሬቱ ወደ ከተማ የሚካለልበት አርሶ አደር የግድ መኖር አለበት። ካሳው ካለቀ በኋላ በምን እንደሚኖር ከሱ በላይ የሚያስብ የለም። ከዩኒቨርሲቲው ስለ ውሃና ስለ አፈር የሚያውቁ ምሁራን ይጨመሩ። ተከራዩንም እንዳትረሱት! ቤት በፈረሰ ቁጥር ስለ ባለቤቱ ካሳ እናወራለን፤ ግቢው ውስጥ ተከራይቶ የኖረው ቤተሰብ ግን ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል፤ የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅም የለም። በመሬት ድለላ የሚተዳደር ሰው ግን አይግባ። ማንኛውም አባል ደግሞ እሱ ወይም ዘመዱ ቦታ ያለበት አካባቢ ለውይይት ሲቀርብ አስቀድሞ ይናገርና ከስብሰባው ይውጣ። ይህ ካልተደረገ ኮሚቴው በአንድ ዓመት ውስጥ የደላላ መናኸሪያ ይሆናል፤ ሕዝቡም ፊቱን ያዞርበታል።

ሥራ አያጣም። አንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ ነው። ከላዩ ያለው ተዳፋት በተራቆተ ቁጥር የምንጠጣው ውሃ ይቀንሳል። እዚያ አካባቢ ግንባታ ከመፈቀዱ በፊት ጎርፉ የት ይሄዳል ተብሎ ይጠየቅ። ቀሃ ወንዝ ዳርም እንደዚሁ። ፋሲል ግቢ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በዙሪያው የሚቆም ሕንፃ ምን ያህል ከፍ ይበል የሚለው ባለሀብቱና መሐንዲሱ ብቻ የሚጨርሱት ጉዳይ አይደለም።

ሥራውን ያዘገየዋል የሚሉ አሉ። ሳይጠየቁ የተነሡ ሰዎች ፍርድ ቤት ሲሄዱ፣ ግንባታው ሲታገድስ ስንት ዓመት ይባክናል?

አንድ ነገር ልጨምር። ስብሰባው በሥራ ቀን ጠዋት አይሁን። ቅዳሜም ገበሬውም ነጋዴውም ገበያ ነው። እሁድ ከሰዓት ብታደርጉት ሁሉም ይመጣል።

አክባሪያችሁ፣
የጎንደር ነዋሪ