ሻላ ላይ መንጠቆ አይጣልም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

የዕረፍት ሰሞን በመጣ ቁጥር የጉዞ ገጻችሁ የስምጥ ሸለቆን ሐይቆች በአንድ መስመር ደርድሮ «ዓሣ ማጥመድ ለሚወዱ» ይላል። ይህን አምኖ ከአዳማ የተነሳ ሰው ሻላ ዳር ቆሞ ይውላል። ሻላ እስከ 266 ሜትር የሚጠልቅ፣ ሶዳ የበዛበት ውኃ ነው። ደሴቱ ላይ የሚፈለፈሉት ፔሊካኖች እንኳ ዓሣ የሚበሉት ሌላ ሐይቅ ድረስ በርረው ነው። ቀድሞ ጎረቤቱ አቢጃታ ይመግባቸው ነበር፤ ውኃው ሸሽቶ ጨው ሲበዛበት ግን ዓሣው ጠፋ። ሁለቱም ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ መሆናቸው ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ከዝርዝራችሁ ይውጡልን።

ለአዳማ ሰው የሚቀሩት ቆቃ፣ ዝዋይና ሐዋሳ ናቸው። ጫሞ በነጭ ዓሣው የታወቀ ቢሆንም የቅዳሜና እሑድ መንገድ አይደለም፤ አዞ ስላለም ከዳር ቆሞ መንጠቆ መጣል አይመከርም።

ብዙ ሰው ጉዞውን የሚጀምረው ዕቃ በመግዛት ነው፤ ትልቅ መንጠቆ፣ ወፍራም ክር ይገዛና ይነሳል። መጀመሪያ መወሰን ያለበት የትኛው ዓሣ እንደተፈለገ ነው። ቆሮሶ አፉ ትንሽ ነው፤ ዝዋይም ሐዋሳም በአብዛኛው የሚኖረው ውኃ ላይ በሚንሳፈፍ አልጌ ነው። ትልቅ ትል በትልቅ መንጠቆ ስትሰጡት ዳር ዳሩን ለቅሞ ይሄዳል፤ እናንተ የምታወጡት ባዶ መንጠቆ ነው። ለእሱ ቁጥር 10 መንጠቆ ይበቃል (ቁጥሩ በጨመረ መጠን መንጠቆው እንደሚያንስ ሻጩም አንዳንዴ ይዘነጋዋል)፤ ክሩም 0.20 ሚሊ ሜትር ይሁን። ማባበያው አተር የምታክል የስንዴ ሊጥ ናት፤ ውኃ ውስጥ ቶሎ እንዳትሟሟ ጥቂት ጥጥ አብራችሁ አሹ። ተንሳፋፊው ቡሽ ጫፉ ብቻ እስኪታይ ድረስ ትንንሽ እርሳስ ክሩ ላይ ጨምሩ፤ ቡሹ ከውኃው በላይ ብዙ ከተንሳፈፈ ቆሮሶ ጉተታው ተሰምቶት ሊጡን ይተፋል። ከቡሹ እስከ መንጠቆው አንድ ሜትር ያህል አድርጋችሁ ዳር ከበቀለው ፊላ (ረጅም የውኃ ሣር) ጠርዝ ወረድ ብላችሁ ጣሉ።

ካርፕ የሚባለው ዓሣ የሚበላው ከሥር ነው። ቁጥር 6 መንጠቆ ላይ ሁለት ፍሬ የበቆሎ ንፍሮ ሰክታችሁ፣ እርሳሱን መሬት አስነክታችሁ፣ ክሩን ላላ አድርጋችሁ ጠብቁ። ንፍሮው ጨው አይግባበት፤ በጣምም አይብሰል፣ አለበለዚያ ስትወረውሩት ይበተናል። አምባዛ ከመሸ በኋላ ነው የሚነቃው፤ የዶሮ አንጀት ወይም ጉበት፣ 0.45 ክር፣ ጠንካራ መንጠቆ ይፈልጋል። ስታወጡት በጎንና በጎኑ ካሉት ሁለት እሾሆች እጃችሁን ጠብቁ። አየር መተንፈስ ስለሚችል ከውኃ ወጥቶም ለሰዓታት ይቆያል፤ ጆንያ ውስጥ እንዲማቅቅ ከመተው ወዲያው መግደል ይሻላል።

ዓሣው ጎትቶ በጠሰው ከሚባለው ውስጥ ብዙው የቋጠሮ ጥፋት ነው። ናይለን ክር ደረቁን ሲጠበቅ እርስ በርሱ ተፋትጎ ይሞቃልና ልክ ቋጠሮው ላይ ይደክማል። አምስት ስድስት ጊዜ ከጠመዘዛችሁ በኋላ በምራቅ አርጥባችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ትርፉን ከሦስት ሚሊ ሜትር አሳጥራችሁ አትቁረጡ።

ሰዓቱን የሚወስነው ነፋሱ ነው። እነዚህ ሐይቆች ጠዋት ጸጥ ይላሉ፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሳል። ዝዋይ አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ ማዕበሉ ቶሎ ያድጋል፣ ውኃውም ከሥሩ ይደፈርሳል። ስለዚህ በጀልባ የሚወጣ ጎህ ሲቀድ ይውጣ፤ ከአምስት ሰዓት በፊትም ይመለስ። የመንሳፈፊያ ጃኬት የሌለው ባለጀልባ ዋጋ ቢቀንስም እለፉት።

ቆቃ ለአዳማ ቅርብ ነው፤ አስቸጋሪውም እሱ ነው። በ1952 ዓ.ም. አዋሽ ተገድቦ ለኤሌክትሪክ የተሠራ በመሆኑ ውኃው እንደ ወቅቱ ይሞላል፣ ይጎድላል። ክረምት ከመግባቱ በፊት ሲሸሽ ዳሩ ላይ የሚቀረው ጭቃ ከላይ ደርቆ ከሥር ገና ጭቃ ነው፤ የከብት ዱካ በሌለበት አትርገጡ። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ውኃውን ያደፈርሰዋል፤ ያኔ ቆሮሶን ትታችሁ አምባዛን ሞክሩ። ውኃው ላይ አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰ የሚመስል ሽፋን ካያችሁ ግን ዕቃችሁን ሰብስቡ። መርዝ የሚያመነጭ አልጌ ሊሆን ይችላል፤ መርዙን ማፍላት አያጠፋውም። ጉማሬም አለ። በማለዳና በምሽት ከሣር ወደ ውኃ በሚመላለስበት መንገድ ላይ አትቀመጡ።

ዝዋይና ሐዋሳ ዳር በባዶ እግር ውኃ ውስጥ መቆም የብልሃርዝያ በር ነው፤ በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚኖረው እዚያው ሣር መካከል ነው። የጎማ ቦት ያዙ።

የያዛችሁትን እዚያው ቅደዱ፤ ስንጥቡንም አውጡ። በሙቀት ወራት ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ ያስፈልጋል፤ በረዶውን ከሥርም ከላይም አድርጉ፣ የሚቀልጠው ውኃ እንዲወርድም የሳጥኑን ቀዳዳ ክፈቱ። ቆሮሶ ስትቀድዱ ልቡ አካባቢ ተጠቅልሎ የተኛ ትል ብታዩ አትደንግጡ፤ ሲበስል ይሞታል። ሐዋሳ የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ላይ ጥሬውን በዳጣ ለሚወዱት ግን ዳጣ ትል አይገድልም። ጥሬውን መብላት የግድ ከሆነ ሥጋው 20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሰባት ቀን ይክረም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጉሮሮዋ ያበጠ ቆሮሶ ስታወጡ ቀስ ብላችሁ አፏን ተመልከቱ። ቢጫ እንቁላል ወይም ክር የመሰሉ ጫጩቶች ካሉ እናት ናት፤ በአፏ ይዛ ነው የምታሳድጋቸው። እጃችሁን አርጥባችሁ፣ እንቁላሉ ሳይፈስ፣ ውኃው ውስጥ እያለች መንጠቆውን ፍቱላት።

ስለ ፈቃድ፦ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ ክልሎችም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ከመነሳታችሁ በፊት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ እዚያ ስትደርሱ ደግሞ ዳሩን የያዘውን የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ጠይቁ። መረባቸው የተዘረጋበት ላይ መንጠቆ ከጣላችሁ መረቡንም ክራችሁንም ታበላሻላችሁ።

የጉዞ ገጹ ከሆቴል ዋጋ ጎን ነፋሱ የሚነሳበትን ሰዓትና የቆቃን የውኃ መጠን ቢያወጣ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከምናኸሪያው ለሚነሳው ሰው ከፎቶግራፉ ይልቅ ይጠቅመዋል።

አንባቢያችሁ፣
ከአዳማ