ስለ አፍ ጠረን ለልጄ የተጻፈ ደብዳቤ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለፈው መጥተሽ በሰነበትሽባቸው ቀናት፣ ከእኔ ጋር ስታወሪ እንኳ አፍሽን በመዳፍሽ ስትጋርጂና ሰው ሲጠጋሽ ፊትሽን ዘወር ስታደርጊ አይቼ ዝም ማለቴ ነገሩ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም። እኔም በአንቺ ዕድሜ እንደዚያው እሆን ስለ ነበር፣ ከመናገሬ በፊት የተጠናውን ላንብብ ብዬ ነው።

እኔ ያኔ ጥፋቱን ሁሉ በጨጓራዬ ላይ ጥዬ፣ ሁለት ዓመት ያህል የጨጓራ መድኃኒት ስውጥ ኖርሁ፤ መድኃኒቱን ያዘዘልኝ ሐኪምም አንድ ቀን እንኳ አፌን አስከፍቶ አላየም። ነገር ግን የምግብ ቧንቧ ሳንውጥ ወይም ሳናገሳ ግጥም ብሎ ስለሚቆይ የጨጓራ ሽታ እንደ ልቡ ወደ አፍ አይወጣም፤ መጥፎ የአፍ ጠረን ካለባቸው 10 ሰዎች በ8ቱ ወይም በ9ኙ መንስኤው እዚያው አፍ ውስጥ ነው።

ይህን በመሣሪያ ካሳዩት ቀደምት ተመራማሪዎች አንዱ በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ጆሴፍ ቶንዜቲች ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የአፍን አየር፣ የተቀላቀሉ ጋዞችን አንድ በአንድ በሚለየው ጋዝ ክሮማቶግራፊ በተባለ ዘዴ ሲመረምር፣ ሽታው በዋነኛነት የሚመጣው ድኝ ካላቸው ጋዞች፣ ይኸውም እንደ ተበላሸ እንቁላል ከሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድና ከሜቲል መርካፕታን መሆኑን አሳየ። ጋዞቹን የሚያመርቱት ኦክስጅን በማይደርስበት ሥርቻ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ከአፍ ውስጥ የረገፉ ሕዋሳትን፣ የምራቅን ፕሮቲንና የምግብ ትራፊን ሲያፈርሱ፣ ሲስቴይንና ሜታዮኒን ከሚባሉት አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያዎች) ድኙ በጋዝ መልክ ይለቀቃል። ምራቅ በእንቅልፍ ሰዓት ስለሚቀንስ ጠዋት ጠዋት ሁላችንም እንሸታለን፤ በዚህስ ማንም አይፈር።

ዋናው ሥርቻ የምላስ የኋላ ክፍል ነው። ሰሞኑን ባትሪ ይዤ መስታወት ፊት ቆሜ ምላሴን አውጥቼ ባየው፣ ጫፉ ጽድት ያለ ሆኖ ሳለ ወደ ጉሮሮ የቀረበው ክፍል ግን እንደ ምንጣፍ ጸጉር የቆመና ነጣ ያለ ቢጫ ነገር የለበሰ ነው። በማንኪያ ጠርዝ ቀስ ብዬ ፍቄ ትንሽ ካቆየሁት በኋላ አሸተትሁት፤ ከዚያ ወዲህ ጥርሴን ብቻ ቦርሼ ተኝቼ አላውቅም። ድድ ሲታመም በጥርስና በድድ መካከል የሚፈጠረው ኪስም እንዲሁ መደበቂያ ስለሚሆን፣ እሱን የጥርስ ሐኪም ይይልሽ።

ከሁሉ የገረመኝ እ.ኤ.አ. በ2024 በጃፓን የኦሳካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ነው። ፉሶባክቴሪየም ኑክሊያተም የተባለው ባክቴሪያ ሜቲል መርካፕታንን በብዛት የሚያመርተው፣ ስትሬፕቶኮከስ ጎርዶኒ የተባለው ጎረቤቱ ኦርኒቲን የሚባል አሚኖ አሲድ ሲያቀብለው ነው። አቀባዩ ራሱ የሽታው ዋና አምራች ባይሆንም ያለ እሱ ምርቱ ያን ያህል አይደራም።

በእርግጥ ብሩሽ የማይፈታው ጠረንም አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 በኔዘርላንድስ የራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ ሜቲል መርካፕታንን የሚያፈርሰው ፕሮቲን ጂኑ የተበላሸባቸው ሰዎች ድኝ ያለው ጋዝ በደማቸው ተጉዞ በሳንባቸው በኩል እንደሚወጣ አሳይቷል። እንዲህ ያለው ግን እጅግ ጥቂት ሰው ነው፤ አንቺ ከእነሱ አንዷ ነሽ ብዬ አላስብም።

እንዲያውም ጠረን እንዳለብሽ እርግጠኛ የሆንሽው በምን እንደሆነ ልጠይቅሽ እፈልጋለሁ። በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ሜል ሮዘንበርግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች ለራሳቸው የአፍ ጠረን የሰጡት ግምት ገለልተኛ ሆነው ካሸተቷቸው ሰዎች ፍርድ ጋር ሳይገጥም ቀርቷል። ስለዚህ በሚቀጥለው ስትመጪ አጠገቤ ተቀመጪና እጅሽን ከአፍሽ አውርደሽ አንድ ነገር አውሪኝ፤ ቢሸት ይሸታል፣ ባይሸት አይሸትም እልሻለሁ።

እናትሽ